ዳገቱን ተዉት፣ ቁልቁለቱን ፍሩ፦ ከወልድያ ላሊበላ በእግር ለገና

ለገና ላሊበላን በእግሬ ልሳለም የሚል ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዳገቱ ነው። "እችለዋለሁ? ትንፋሽ አያጥረኝም?" ይላሉ። የአዲስ አበባ ሰው ተራራ ሲባል የሚታየው ሽቅቡ ነው። ከአክስቴ ጋር በዚያ መንገድ ስመላለስ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ዳገት ያደክማል፤ ቁጭ ብለው ውሃ ሲጠጡ ይለቃል። ጉልበት የሚይዘው፣ የእግር ጥፍር የሚያጠቁረው፣ ሰውን አስለቅሶ መኪና ላይ የሚያወጣው ቁልቁለቱ ነው። ስለዚህ ብዙ የማወራችሁ ስለ መውረድ ነው፤ ሌላውን እግረ መንገዴን እነግራችኋለሁ።

ተሳላሚው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጋይንት፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ። ሳምንታት በባዶ እግራቸው የሚጓዙ አሉ። እኔ የማውቀው ከወልድያ ተነስቶ፣ ድልብን አልፎ፣ ደጋውን ወጥቶ፣ ጋሸና ላይ ወደ ቀኝ የሚታጠፈውን ነው። በመኪና መንገዱ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በኩልመስክ በኩል የሚያቋርጥ አጠር ያለ መንገድም አለ፤ እሱን አገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ካልሆነ አልመክርም። ጊዜ ወይም ጉልበት ያጠረው ደግሞ እስከ ጋሸና በመኪና ሄዶ የመጨረሻውን 64 ኪሎ ሜትር ይራመድ። ማንም ግማሽ ተሳላሚ ብሎ አይጠራውም።

ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱ ሰላም። ይህ አካባቢ በቅርብ ዓመታት ብዙ ጦርነት አይቷል። ሳትነሱ በፊት ወልድያም ጋሸናም ላለ ሰው ደውሉ። "ዛሬ መኪና አልፏል? ተሳላሚ እየገባ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ፌስቡክ ላይ በሚወራው አትነሱ፣ በሚወራውም አትቅሩ። የስልኩ መልስ ካላማራችሁ ግን ቅሩ። ስለትም ቢሆን ለከርሞ ይደርሳል።

ቀኑን እንቁጠር። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። በዘመነ ዮሐንስ ግን 28 ይውላል፤ 2016 እንዲያ ነበር፣ 2020ም እንዲያው ነው። ለመራመድ ያልለመደ ሰው በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። የታኅሣሥ ገብርኤልን ወልድያ ላይ አክብራችሁ በ20 ንጋት ላይ ብትነሱ፣ በ27 ትገባላችሁ። በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ቀደም በሉ። የገጠር እናቶች ይህን ስሌት ሲሰሙ ይስቃሉ። እነሱ ከእናንተ እጥፍ ይሄዳሉ። ይሳቁ።

ልምምዱን ከበዓሉ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ፎቅ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሽቅቡን በሊፍት ውጡ፣ ቁልቁሉን በደረጃ ውረዱ። የሥራ ባልደረቦቼ እኔን ሲያዩ አብዳለች ይሉ ነበር። ምክንያት ግን አለው። ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ያልለመደ ጡንቻ በዚህ ይጎዳል፤ ሕመሙም ዕለቱን ሳይሆን በማግስቱና በሠልስቱ ነው የሚብሰው። አስቀድሞ ደጋግሞ የወረደ እግር ግን ይለምዳል። እንጦጦም ቢሆን በታክሲ ወጥታችሁ በእግር ውረዱ።

ጫማ አዲስ አትግዙ። ከገዛችሁም ቢያንስ አንድ ወር ከተማ ውስጥ ተራመዱበት። ከወትሮው ቁጥር አንድ ከፍ ይበል፤ እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ያብጣል፣ ስትወርዱ ደግሞ ጣት ወደ ፊት ይገፋል። ጥፍራችሁን ከመነሳታችሁ ከሁለት ቀን በፊት አሳጥራችሁ ቁረጡ። ኮንጎ ጫማ አድርገው ወይም ባዶ እግራቸውን ሽው የሚሉትን አይታችሁ አትቅኑ። ያ እግር ከልጅነት ጀምሮ የተሠራ ነው። አክስቴ ራሷ ኮንጎ ጫማዋን በወፍራም ካልሲ ነው የምታደርገው። ሲያዩት አያምርም፤ እግሯ ግን አንድም ቀን ውሃ ቋጥሮ አያውቅም።

ሸክማችሁ ከክብደታችሁ አንድ አሥረኛ አይለፍ። ጋቢ የግድ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ሁለት ጥንድ ትርፍ ካልሲ፣ ለመተኛ ሸራ ወይም ማዳበሪያ፣ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ፕላስተር፣ መርፌ፣ አልኮል፣ ሳሙና፣ ቫዝሊን፣ ሶፍት፣ ኦ.አር.ኤስ፣ ውሃ ማከሚያው ውሃ አጋር። ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዝ ነገርም ያዙ። እና ዱላ። ዱላ ላይ አልደራደርም። መቋሚያም ሆነ ከዘራ፣ ከየትም የተቆረጠ እንጨትም ይሆናል፤ ዋናው ክርናችሁ ድረስ መድረሱ ነው። ብሩን ዝርዝር አድርጋችሁ ያዙ። ቴሌብር ኔትወርክ በሌለበት አይሠራም።

ስንቁ የጾም ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሆነ በቅቤ ያበደ ጭኮ አይታሰብም። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ ሽምብራ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ይበቃል። በሶውን ውሃ ውስጥ በጥብጣችሁ ጨውና ትንሽ ማር ጨምሩበት። ከሱቅ ከሚገዛ የኃይል መጠጥ አያንስም፤ እኔ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ። ቆሎውን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉት። ቦርሳ ውስጥ ከገባ ሳትበሉት ይመሻል።

ስለ ሰዓቱ ጉዳይ ከመነሳታችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ። አባቶችና እናቶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ይሄዳሉ። ያልለመደ ሰው ፀሐይ ላይ እንዲያ ልሁን ቢል ራሱን ይስታል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ቆሞ እሱን ሊያነሳ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወሰድበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ሐኪምንም ንስሐ አባትንም ጠይቃችሁ ውጡ። ውሃ ስትቀዱ የምንጭም ቢሆን አክሙት። ተቅማጥ የያዘው ሰው ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልገኝም።

አሁን መንገዱ። የመጀመሪያው ቀን ያታልላል። ወልድያ ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እስከ ድልብ እግር ትኩስ ነው፣ ወሬው ይጥማል፣ መዝሙሩም ደርቷል። ሁሉም ይሮጣል። አትሩጡ። በማግስቱ ከድልብ በላይ ያለው ዳገት ይጠብቃችኋል። መኪናው እየተጠማዘዘ የሚወጣውን እግረኛው በአቋራጭ ቀጥ ብሎ ይወጣዋል። ሽቅብ ከሆነ አቋራጩን ተከተሉ፣ ምንም አይላችሁም። አጭር አጭር እየረገጣችሁ፣ ማውራት በምትችሉበት ፍጥነት ውጡ። ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ስትወርዱ ግን አቋራጭ የሚባል ነገር እርሱት። መኪና መንገዱን ያዙ። ቢረዝምባችሁም ጉልበታችሁ ያመሰግናችኋል።

ደጋው ላይ ከወጣችሁ በኋላ መንገዱ ይቀላል፤ ሰው ግን እዚያ ነው የሚከፋው። ለምን እንደሆነ እንጃ። ምናልባት ሕመሙ የሚብስበት ቀን ስለሚገጥም፣ ምናልባትም ሜዳው አላልቅ ስለሚል። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ሆድ ይብሳል። በትንሽ ትልቁ ጠብ ይነሳል። ፈጣኑ "እናንተ ናችሁ የምታዘገዩኝ" ይላል፣ ዘገምተኛው ያኮርፋል። አክስቴ ለዚህ አንድ ሕግ አላት፦ ደካማው ከፊት ይሂድ። የሚሄድበትን ፍጥነት እሱ ይወስን። ከኋላ ሲሆን ሌሎቹ አርፈው ሲነሱ ነው የሚደርስ፤ አንዴም ሳያርፍ ይውላል። ከፊት ሲሆን ሁሉም እኩል ያርፋል። ይህን ሕግ ያልተቀበለ ጎረምሳ ካለ ብቻውን ይቅደም፣ ማታ ያገኛችኋል። ማልቀስ ለመጣበት ደግሞ ያልቅስ። መንገድ ላይ የሚያለቅስ ተሳላሚ አይቶ የሚደነቅ ሰው የለም።

የደጋው ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ጋሸና አካባቢ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ። ጋቢ አይበቃም የሚሉ አሉ። ደረቅ ካልሲና ኮፍያ ከጨመራችሁበት ይበቃል። በላብ በራሰው ልብስ ግን አትተኙ። ከቆላ የመጣ ሰው ራሱን ቢያመው ውሃ ይጠጣ፣ ይረፍ፤ እየባሰ ከሄደና ማስመለስ ከጀመረው ወደ ታች ይውረድ።

ማደሪያ እንዴት ይገኛል? ከመምሸቱ በፊት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳያልፍ ጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ካለ ከግቢው አጠገብ ቦታ አይጠፋም። ከሌለ ወደ አንዱ ቤት ጠጋ ብላችሁ "ቤቶች! የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን" በሉ። በዚያ ሰሞን የመንገዱ ሰው ለምዶታል። "ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ" ይላሉ። ያላቸውን ያቀርባሉ። እንዳትግደረደሩ፣ ደግሞም ጠግባችሁ እንዳትበሉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣ እንግዳ አለ። ጠዋት ብር አውጥቶ መስጠት አንዳንዱን ቤት ያስቀይማል። ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለባለቤቷ በእጇ ስጡ። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍና ዕጣን።

ሴቶች፣ አንድ ነገር። ከአንድ ሳምንት በላይ የሚበቃ ሞዴስ ያዙ፣ ቀኑ ባይሆንም። መራመድ ቀን ያዛባል። የወር አበባ ከመጣ ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ ከውጭ ቆማችሁ ትሳለማላችሁ። በዚህ ምክንያት ከግማሽ መንገድ የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ። መመለስ አልነበረባትም። ለሽንትም ጨለማ ሳይለቅ ወይም ሁለት ሆናችሁ ውጡ፤ ነጠላ መጋረጃም ይሆናል።

ውሃ ስለሚቋጥር እግር። ቆዳው ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ይለበልባል። ያኔ ነው መቆም። "እዛ ዛፍ ጋ ስደርስ" ማለት የለም። ጫማ አውልቁ፣ እግሩን አድርቁ፣ የሚለበልበውን ቦታ በፕላስተር ሸፍኑ፣ ካልሲ ቀይሩ። ከቋጠረ በኋላ ትንሽ ከሆነ አትንኩት። ትልቅና መርገጥ የሚከለክል ከሆነ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ መርፌውን በአልኮል ጥረጉ፣ ከዳር በኩል ወግታችሁ ውሃውን አፍስሱ። ቆዳውን አትላጡ። ከላይ ሸፍኑት። ጠዋት ጠዋት ጣቶቻችሁን መሃል ለመሃል ቫዝሊን ቀቡ፤ የተረፈውን ከንፈራችሁን ቀቡት፣ ደጋው ከንፈር ያሰነጣጥቃል።

ጋሸና ታጠፋችሁ እንበል። አሁን ትልቁ ቁልቁለት መጣ። ደጋውን ለቅቆ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። እዚህ አክስቴ ሁልጊዜ ከመውረዳችን በፊት ታስቆመኛለች። "ቁጭ በይ" ትላለች። የጫማዬን ክር እስከ ጣቴ ድረስ ትፈታዋለች። "ተረከዝሽን መሬት ላይ ደልቂው።" እደልቃለሁ። "ድገሚ።" ተረከዜ ከጫማው ኋላ ጋር ጥብቅ ሲል፣ አውራ ጣቷን ጫማው ምላስ ላይ ታስቀምጥና ክሩን ከጣት በኩል ላላ አድርጋ፣ ከቁርጭምጭሚት በኩል ግን ጥርሷን ነክሳ ትስበዋለች። እኔ "አመመኝ" ስል "ይመምሽ፣ ታች ስንደርስ ታመሰግኚኛለሽ" ትላለች። ጣት ሳይጨነቅ፣ ተረከዝ ሳይንሸራተት። ጥቁር ጥፍር ያመጣባችሁ ጫማው ሳይሆን አስተሳሰሩ ሊሆን ይችላል።

አወራረዱም አለው። ዱላው ከእግር ቀድሞ ይረፍ። ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አትርገጡ፤ ትንሽ አጠፍ ይበል። እርምጃው ይጠር። ቁልቁለቱ ሲብስ ከዳር ዳር እየተጠማዘዛችሁ ውረዱ። ወደ ኋላ ዘንበል ማለት የሚያድን ይመስላል፣ ግን ኮረት ላይ በቂጥ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። መሮጥ ያምራችኋል፣ ልጆቹ ሲሮጡ ታያላችሁና። ቁልቁለቱ እየገፋ ስለሚወስድ የቀለለ ይመስላል። ያ ቅለት ማታ ይከፈላል። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ፣ ባይደክማችሁም። ይህን ቁልቁለት በሁለት ቀን የሚከፍል ሰው ጎበዝ ነው እላለሁ። በአንድ ቀን ጨርሶ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያቃተውን ብዙ አይቻለሁ።

ሸለቆው ሞቃት ነው፣ ጋቢው ሸክም ይሆናል። ከዚያ ወደ ላሊበላ እንደገና ሽቅብ ነው፤ ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሊገቡ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ነአኩቶ ለአብ አለ። በትውፊት የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ የሆነው ንጉሥ ያሠራው፣ ዋሻ ሥር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በድንጋይ ገንዳ ያጠራቅሙታል፤ ጠበል ነው። ብዙው ሰው "ደርሰናል" ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ግቡ። ጥላ አለ፣ ግርግር የለም፤ ከዚህ በኋላ ለቀናት እንዲህ ያለ ጸጥታ አታገኙም።

መግቢያው ላይ እልልታው ይቀልጣል። ተንበርክኮ መሬት የሚስም አለ፣ ዝም ብሎ የሚቆም አለ። የላሊበላ ልጆች ሳፋና ውሃ ይዘው የተሳላሚ እግር ያጥባሉ። የከተማ ሰው እዚህ ላይ ያፍራል። እኔም "ተዉት፣ እግሬ ይሸታል" ስል የአሥራ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "ሁሉም ይሸታል፣ አምጪ" አለና ካልሲዬን ራሱ ሳበው። ውሃው ለብ ያለ ነበር። በጣቶቼ መሃል ያለውን አቧራ እያወጣ ፕላስተሬን ሳይነካ አጠበኝ። እንቢ አትበሉ። ስጡ እግራችሁን።

ከዚያ በኋላ ያለውን መውረድ ደግሞ ማንም አይናገረውም። ስምንት ቀን አንድ ነገር ብቻ ስታስቡ ሰንብታችሁ ድንገት ሕዝብ ውስጥ ትገባላችሁ። መተኛ ቦታ የለም፣ ውሃ ወረፋ ነው፣ ስልክ ተዘግቷል፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋም። "ለዚህ ነው የመጣሁት?" የሚል ስሜት ይመጣል። ድካም ነው። ብሉ፣ ተኙ፣ ያልፋል። ሸራችሁን ከመንገድ ዳር ራቅ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ ከቡድናችሁ ጋር ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ገና ስትገቡ ተነጋገሩ።

አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። በአንድ ቀን ሁሉንም ልሳለም ማለት ሰልፍ ላይ መዋል ነው። በ27 ገብታችሁ ከሆነ ቤተ ጊዮርጊስን ያን ዕለት ተሳለሙ፣ ለብቻው ስለሆነ ይቀላል። ውስጥ ለውስጥ ያለው መተላለፊያ ጨለማ ነው፤ ባትሪ ያዙ። ጫማችሁን በር ላይ አትተዉ። በፌስታል አድርጋችሁ ወገባችሁ ላይ እሰሩት። አክስቴ ኮንጎ ጫማዋን የሚሰርቃት የለም፤ የእናንተን ስኒከር ግን እንጃ።

ቤዛ ኩሉ የሚባለው የገና ዝማሬ የሚዘመረው በዕለቱ ጠዋት ቤተ ማርያም ነው። ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ማሜ ጋራ በሚባለው አፋፍ ላይ፣ ግማሾቹ ከታች ሆነው ይቀባበሉታል። ለማየት ሌሊቱን እዚያው ማደር ያስፈልጋል። ቦታ ስትይዙ ከገደሉ አፋፍ ሦስት አራት እርምጃ ራቁ። አለቱ ቀጥ ብሎ የተጠረበ ነው፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ሲገፋ አፋፍ ላይ ያለው መያዣ የለውም። ልጅ ይዞ የመጣ ከግድግዳ ይጠጋ። ካላያችሁትም ትሰሙታላችሁ፤ ድምፁ ከአለቱ ጋር ሲጋጭ ሩቅ ይሄዳል።

መመለሻውን ከመሄጃው በፊት አስቡት። ከበዓሉ ማግስት ሁሉም እኩል ይወጣል፣ መኪና ይጠፋል፣ ዋጋም ይሰቀላል። በገባችሁበት ዕለት የመመለሻ ወንበር ጠይቁ፣ ካልሆነም ሁለት ቀን ቆይታችሁ ውጡ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ከተማዋ ትተነፍሳለች፣ ይምርሃነ ክርስቶስ ወደሚባለው የዋሻ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የፈለገም ያን ጊዜ ይሂድ። በእግር እንመለስ የሚል ቢኖር ጉልበቱን ይጠይቅ። ለፍስክ ደግሞ ቀስ በሉ። ከስድስት ሳምንት ጾም በኋላ ጥሬ ሥጋ በልቶ በማግስቱ ሚኒባስ ላይ የተሳፈረ ሰው አጠገብ ተቀምጬ አውቃለሁ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ጋሸና ላይ ሾፌሩ ሲቆም ሁላችሁም ውረዱና እግራችሁን አፍታቱ፤ የተቀመጠ ጉልበት ወልድያ ሲደርስ አልዘረጋም ይላል።